ያልጠየቅሁት ስም

ሰኞ፣ ሜይ 5፣ 2014፤ ምሳ ሰዓት

ሂሳቡ መጣ። በአራት ፖስታ። ለአንድ ነገር አራት ደረሰኝ፤ አሜሪካ እንዲህ ናት። አንዱ መስመሩን ከዘረጋው የስልክ ኩባንያ። አንዱ ከካውንቲው፣ ማለትም ከአውራጃው አስተዳደር፣ ለማገናኛው ድርሻችን። ሦስተኛው ለኮምፒውተሮቹና ምስጢር ለሚቆልፈው መሣሪያ። አራተኛው ለሠራተኞች ሥልጠናና ለጣት አሻራ። ዋናው መረብ የስቴቱ ነው። የተሰረቀ መኪና፣ የፍርድ ቤት ማዘዣ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሰው መዝገብ፤ የስቴቱ ፖሊስ ሁሉ እዚያ ነው የሚጠይቀው። እሱን ስቴቱ ያቆመዋል። እኛ የምንከፍለው እስከ በሩ ለመድረስ ነው።

ይህን በአንድ ገጽ ጻፊ ተብያለሁ፣ ለከተማው ምክር ቤት። አንድ የምክር ቤት አባል፣ ንብረቱ የስቴቱ ከሆነ ለምን እንከፍላለን ብለዋል። ጎረቤት ከተማ ላይ ተለጥፈን ብንጠቀምስ? ከተማችን ትንሽ ናት፤ ፖሊሶቿ ሠላሳ አይሞሉም። እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ሽጉጥ ነክቼ አላውቅም። የፖሊስ መ/ቤቱ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ። የመረቡ ሂሳብና የተጠቃሚዎቹ ፈቃድ በኔ እጅ ነው። ይህን ግን ለሐበሻ ማስረዳት አይቻልም። የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ስሜ «ፖሊሷ ሰብለ» ነው።

ጋሼ ታምራት ደውለው ነበር። ረቡዕ ምሳ እንብላ፣ የማማክርሽ አለ። ድምፃቸው ደስ ብሎታል። ብዙ ጊዜ ሆኖታል እንዲህ ከሰማሁት።

ሳንድዊቼ ደርቋል። ወደ ፖስታዎቼ ልመለስ።

ረቡዕ፣ ሜይ 7፤ ከሰዓት በኋላ፣ መኪና ውስጥ

የግማሽ ቀን ፈቃድ። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ዙር። ታፔላውን ሁለቴ አንብቤ ነው የቆምኩት፤ ባለፈው ወር ሳላነብ ቆሜ ያገኘኝን አውቃለሁ።

አዲስ ደብተር ነህና ላስተዋውቅህ። ጋሼ ታምራት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከኤርፖርት የተቀበሉኝ ሰው ናቸው። ዘመዳቸው ሳልሆን። ሰባት ወር ሳሎናቸው ውስጥ ተኝቻለሁ። መኪና ያስተማሩኝ እሳቸው። ቤት ስከራይ ዋስ ሆነው የፈረሙልኝ እሳቸው። የእድራችን ሰብሳቢም ናቸው፤ በእድሩ ደንብ ቀልድ አያውቁም። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሐና፤ ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ነርስ ናት።

ሐናን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። የሰኔ ጾም ሳይገባ። ልጁ ዳዊት ይባላል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ክሬንሾው አካባቢ ይኖራል። ጋሼ ሁለት ጊዜ አይተውታል፤ ወደውታል። ግን ሳይጣራ ልጅ አይሰጥም። የማነው፣ ከማን ይውላል፣ አመሉ እንዴት ነው። ይህ የሴቶች ሥራ ነበር። እትዬ አልማዝ ቢኖሩ በሁለት ስልክ ይጨርሱት ነበር። ጋሼ ማንን ይጠይቁ? ወንድ ለወንድ እንዲህ ያለ ነገር አይጠያየቅም።

ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የልደት ቀን። «ኮምፒውተሩ ያለው አንቺ ጋ ነው» አሉኝ። ጨው አቀብዪኝ እንደማለት ነው የቀለላቸው።

እሺ ጋሼ፣ አልኩ። አዎ፣ እኔ። ወረቀቱን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ከዚያ የታዘዘው ክትፎ መጣ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ይበላል ብለው አጎረሱኝ። ጥሩ ክትፎ ነበር፤ እኔ ግን አልወረደልኝም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8፤ ጠዋት

ስነቃ መጀመሪያ የመጣብኝ ያ «እሺ» ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ለምን እንዳልኩት አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ፊት እምቢ አይባልም። እሺ ተብሎ ነገሩ ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ኋላ ይረሳል። ጠያቂውም ይገባውና ይተወዋል። ማንም አያፍርም። እንዲህ ነው ያደግነው። ግን ጋሼ ሰው ሲዘገይባቸው የሚተዉ አይደሉም። የእድር መዋጮ ያቆየ ሰው ቤት በራሳቸው እግር ይሄዳሉ።

ስክሪኑ ከጠረጴዛዬ አራት እርምጃ ነው። ስምና የልደት ቀን ማስገባት ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ይመዘገባል። ማን ጠየቀ፣ በስንት ሰዓት፣ ለየትኛው ጉዳይ። የስቴቱ ሰዎች በየጊዜው መጥተው ዝርዝሩን ያገላብጡታል። ያለ ጉዳይ የጠየቀ ሥራውን ያጣል፤ ሊከሰስም ይችላል። ከባሰም መ/ቤቱ ራሱ ከመረቡ ይቆረጣል። ያን ሁሉ ከፍለን። ያኔ መንገድ ላይ መኪና የሚያስቆመው ፖሊሳችን ማንን እንዳስቆመ ሳያውቅ ወደ መስኮቱ ይጠጋል።

ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው ማን ነው? እኔ ነኝ። ዓመት በዓመት። «የወዳጅ ውለታ» የሚል አንድ ሙሉ ትምህርት አለኝ፤ እየሳቅሁ ነው የማስተምረው።

አልጠይቅም። ይህ ያለቀ ነው። የቀረው ለጋሼ መንገር ብቻ ነው። ብቻ።

እሑድ፣ ሜይ 11

ዛሬ ልነግራቸው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ፣ ሰው ሳይበዛ። ቃሉን መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለማመድኩት።

ፈረንጆቹ የእናቶች ቀን የሚሉት መሆኑን ረስቼ። ጋሼና ሐና ነጭ አበባ ይዘዋል፤ ከዚህ ወደ እትዬ አልማዝ መቃብር ሊሄዱ ነው። ነይ አሉኝ፣ ሄድኩ። ሐና ድንጋዩን በእጇ ጠረገች። ጋሼ ለባለቤታቸው ሽማግሌ ሊመጣ መሆኑን ነገሯቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጆሮ ለሚከብደው ሰው እንደሚነገር። አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ምን አፍ አለኝ?

ስንለያይ ስለ ወረቀቱ አልጠየቁኝም። ብቻ አዩኝና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ። ለምን እንደነቀነቅሁ እግዜር ይወቅ።

ዓርብ፣ ሜይ 16

አንዷ ገጽ አለቀች። አሥር ቀን የፈጀችብኝ ገጽ።

መጀመሪያ በቢሮ ቋንቋ ጻፍኳት፤ ራሴም አልገባኝም። ቀድጄ በአማርኛ አሰብኩት። ይህ ነገር ምንድን ነው? እድር ነው። ሁሉም ያዋጣል። ዘንድሮ ሰው የሞተበትም ያልሞተበትም። ድንኳኑ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ከፈልኩ ብሎ ሐዘን ሳይኖር ገንዘቡን የሚያወጣ የለም። ደንብ ያፈረሰ ይሰረዛል፤ የከፈለው አይመለስለትም። ይህን በእንግሊዝኛ ገለበጥኩት፣ እድር የሚለውን ቃል ትቼ። ሌተናንቱ አነበበው። አለቃዬ ነው፤ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው፣ ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ክራባት። በስንት ጊዜዬ ገባኝ አለ። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ስልኬን አየሁ። ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ። አላነሳሁም። መልሼም አልደወልኩም።

እድርን ለፈረንጅ አስረዳሁ። ለእድሩ ሰብሳቢ አንዲት ቃል አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20፤ ከስብሰባው መልስ

ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። ገጿን አንብቤ ጨረስኩ።

ያ የምክር ቤት አባል ጠየቁ። ስቴቱ በነፃ የሚሰጠውን እኛ የምንገዛው ለምንድን ነው? ውኃው የስቴቱ ነው አልኩ፤ ቧንቧውና ቆጣሪው ግን የኛ ነው፣ ቆጣሪውን የሚጠብቀውም ሰው። ሳቁ። ታዲያ ጎረቤት ከተማ በኩል ብንጠይቅስ? ይቻላል አልኩ፤ ለነሱም ይከፈላል፣ ደግሞ ጥያቄያችን ወረፋ ይጠብቃል። ታማኝነታችንም በነሱ እጅ ይሆናል፤ እነሱ ቢያጠፉ እኛም እንቆረጣለን።

ሌላዋ የምክር ቤት አባል፣ አሮጊቷ፣ አንድ ነገር ጠየቁኝ። እኛ ብናጠፋስ? ማለቴ አንድ ሰው እንኳ?

ያው ነው አልኩ። ብርጭቆውን አንስቼ ጠጣሁ።

ውሉ እንዲታደስ ወሰኑ። ሁሉም እጅ አወጡ። ሌተናንቱ ሊፍቱ ውስጥ እጄን ጨበጠኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቡራዩ ድረስ የሚሰማ እልልታ ነበር ከኔ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ሐና ደወለች። ከሆስፒታል፣ በእረፍት ሰዓቷ። እኔ ፓልምስ፣ ቤቴ ነኝ፣ ልብስ እያጠፍኩ።

«ሰብልዬ፣ ሶ… አባባ ነገረኝ። ቼክ አድርጋ ክሊን ነው አለች አለኝ። ታንክ ዩ። ያየሽውን እንዳላየሽ ስላለፍሽልኝ።»

ምን አየሁ? አልኳት። ድምፄን ስትሰማ እንዳትጨነቂ አለችኝ፤ ዳዊት ሁሉንም ገና በሦስተኛው ቀን ነግሯታል። ከዚያ እሷ ነገረችኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ሰርግ አምሽቶ፣ ጠጥቶ ድራይቭ አድርጎ ክሬንሾው ላይ ተያዘ። ሰው አልገጨም። አንድ ሌሊት ታሰረ፣ መንጃ ፈቃዱ ታገደ፣ የታዘዘውን ትምህርት ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ጠላ እንኳ አልቀመሰም። ለአባባ ግን እንዴት ይነገራል?

እንዴት ይነገራል። የጋሼን ታናሽ ወንድም የገደለው ሰካራም ሹፌር ነው። ታክሲ እየነዳ ነበር፤ መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ። ጋሼ መጠጥ ያለበት ግብዣ ላይ አይቀመጡም።

አላየሁም አልኳት። ሐና፣ ስሙን ጠይቄም አላውቅ፣ ለአባትሽም ምንም አላልኩ። ሳቀች። «አውቃለሁ፣ እንደሱ ማለት አለብሽ። ኦኬ ነው» አለችኝ። ምለው ቢነግሯት የማይገባት ልጅ አይደለችም፤ ዛሬ ግን መስማት አልፈለገችም። በሽተኛ ጠራት፤ ዘጋች።

ልብሱን መልሼ አጠፍኩት። ሁለቴ።

እሑድ፣ ሜይ 25

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሻይ፣ መስኮት፣ ደብተር።

ጋሼ እንዴት ክሊን ነው አሉ? ገባኝ። መጥፎ ቢሆን ትነግረኝ ነበር ብለዋል። ዝም ማለቴን የምሥራች አደረጉት። ጭንቅላቴን ነቅንቄላቸው የለ? አባትየው ልጁ ንጹሕ መሆኑን በኔ ዓይን አይተዋል። ልጅቷ ደግሞ ጉድፉን አይቼ የደበቅሁላት ይመስላታል። ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይባስ ብሎ አሁን አወቅሁ። ኮምፒውተሩ ያልነገረኝን ልጅቷ ራሷ አመስግና ነገረችኝ።

አላየሁም ብዬ ብነግራቸው ጋሼ እንደገና ያጣራሉ። ወይ ለምን አላየሽም፣ ምን አለ ይሉኛል። ፊቴ ደግሞ ምስጢር አይችልም። ዝም ብል ሐና ትዳር ትይዛለች፤ በኔ ስም በተነገረ ውሸት። ወሬው አንድ ቀን ቢሮ ይደርሳል። ፌርፋክስ ላይ የተባለ ነገር የት ይቀራል?

እናደዳለሁ። በጋሼ ሳይሆን በራሴ። ያን ረቡዕ ዓመት ሙሉ የሚበቃ እምቢታ ነበረኝ፤ አንዱን ብቻ ብጠቀምበት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

ውሉ ስለታደሰ የዓመቱ ቅጽ መጣ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ይፈርማል፦ መረቡን ለግል ጉዳይ አልተጠቀምኩም፣ ያየሁትን አላወጣሁም፣ እንዳወጣ ብጠየቅም ለአለቃዬ አሳውቃለሁ።

የማሰባስበው እኔ ነኝ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። አንዳንዱ ሳያነብ ይፈርማል፤ አንብቡ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ዓይኔን ጨፍኜ እፈርማለሁ። ሦስተኛዋ ናት የያዘችኝ። ሃያ ቀን ሆኖኛል። ለማንም አላሳወቅሁም።

የሁሉም ተሰበሰበ። የኔ ባዶ ነው። መጨረሻው ቀን ጁን 6።

ሐሙስ፣ ሜይ 29

ነገርኩት። ለሌተናንቱ። በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ።

አጭር አደረግሁት። አንድ ቤተሰቤ የምለው ሰው ስም ሰጠኝ። እሺ አልኩ። አልጠየቅሁም። ሰውየው ግን ጠይቃለች ብሎ ተናግሯል። መዝገቤን አውጡልኝ፣ ሁሉንም፣ ከሜይ መጀመሪያ ጀምሮ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ ካልጠየቅሽ ለምን እሺ አልሽ? ሊገባው አልቻለም። ላስረዳው ሞከርኩ። ውለታ፣ ዕድሜ፣ ማፈር። በእንግሊዝኛ ሲነገር የሌላ ሰው ነገር ይመስላል። በመጨረሻ፣ አባቴ ቢጠይቀኝ እሺ የምለውን ያህል ነው አልኩት። እሱም አባቱን አስታወሰ መሰለኝ፤ ብዕሩን አስቀመጠ።

ስሙን ከመረቡ ላይ ማንም እንዳይጠይቅ አደራ አልኩት። ወረቀቱን ሳላሳየው ፊቱ ቀድጄ ጣልኩት። መዝገቡን ከካውንቲው ያስመጣል። ውጤቱ በሳምንት።

ስወጣ ቀለለኝ። ከዚያ ጋሼ ትዝ አሉኝ። ቀላሉ ይህኛው ነበር።

ቅዳሜ፣ ሜይ 31፤ ከሰዓት

ቤታቸው ሄድኩ። ሳልደውል፤ ከደወልኩ እንደምሸሽ ስለማውቅ። ኦሊምፒክ ላይ ያለው ያ አሮጌ አፓርትመንት፣ ሰባት ወር የተኛሁበት ሶፋ። ለሽማግሌዎቹ ወንበር ከጎረቤት ተውሰው ደርድረዋል።

አልተቀመጥኩም። ጋሼ፣ ስሙን አልጠየቅሁም አልኩ። መጀመሪያ አልሰሙኝም መሰለኝ። ደገምኩት።

አልጮኹም። ከመጮህ የከፋ ነው። ለሽማግሌዎቹ መሪ ለጋሼ ወርቁ ደውለው፣ ተጣርቷል፣ ኑ፣ ብለዋቸዋል። በእድሩ ሰብሳቢ ቃል። ታክስ እከፍላለሁ አሉ፤ ያ ኮምፒውተር በኔ ገንዘብ የተገዛ አይደለም? የከፈልኩበትን አንዴ ባይ ምን አለበት?

እድሩ እንዴት ነው፣ ጋሼ? አልኩ። ከፍያለሁ ብሎ ሰው ሳይሞትበት የመጣ አባል ስንት ጊዜ መልሰዋል? ይህን ስል አፈርኩ፤ ግን አልኩት። ወንበሮቹን ያያሉ።

«ታዲያ እሺ ለምን አልሽኝ?»

«እምቢ ማለት አፍሬ ነው።»

«እኔን?»

አዎ አልኩ። ከዚያ የፈራሁት መጣ። ነገር አለ? አሉኝ። ዓይኔን እያዩ። ጋሼ፣ እኔን አይጠይቁኝ፣ ልጁን ራሱን ይጠይቁት፣ አልኩ። ሌላ ምንም አልወጣኝም። ፊቴ ግን ምን እንዳለ አላውቅም።

ሻይ አልቀረበልኝም። በዚያ ቤት በአሥራ አምስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። በሩን ራሴ ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ጁን 6

መዝገቡ መጣ። ዳዊት የሚባል የለበትም። በሜይ የጠየቅሁት ሰባት ጊዜ፤ ሰባቱም ባለ ጉዳይ ቁጥር። ሌተናንቱ ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ።

ግን ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ በጊዜው ስላላሳወቅሁ። ፋይሌ ውስጥ ይገባል። ሥልጠናውን እንደገና እስክወስድ ከመረቡ ታግጃለሁ። ትክክል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሌላው ስናገር የኖርኩት ይህንኑ ነው። ቅጼንም ፈረምኩ፤ ሦስተኛዋ መስመር ሥር የሆነውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፌ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የተጠቃሚዎቹን ፈቃድ መያዝ ከከበደሽ ለሌላ ሰው ልሰጠው እችላለሁ አለኝ። ቅጣት አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። በአንድ መንደር የሚታወቅ ሰው ይጠየቃል፤ ዛሬ አንድ ስም፣ ነገ ሌላ። ሰኞ ንገሪኝ ብሎኛል።

ልተወው ይሆን? ደመወዙ ያው ነው። «ፖሊሷ» መባሉም ይቀርልኝ ነበር። ከሰዓት ሙሉ ይህን ሳሰላስል የአራቱን ፖስታ ደረሰኝ ሁለቴ አደባልቄዋለሁ።

ማታ አካባቢ ሐና መልእክት ላከች። እሑድ በአሥር ሰዓት ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። አባባ ሰብለ እንዳትቀር ብሏል። እሳቸው ለምን እንዳልደወሉ አላውቅም። ልጁን ጠይቀውት እንደሆነም አላወቅሁም።

እሑድ፣ ጁን 8

ከዚያው መምጣቴ ነው። ጫማዬን አላወለቅሁም።

ሽማግሌዎቹ አራት ናቸው። ሱፍ ለብሰው። እንደ ደንቡ አልተቀመጡም፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ጋሼ ወርቁ የፓርኪንግ ሥራ ያላቸው፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሰው ናቸው። ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አመሰገኑ፣ መረቁ። ልጁም ተጣርቷል ብለው ነግረውናል፣ ደስ ብሎናል አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያየሽው አንቺ ነሽ አሉ። እስቲ እዚህ ፊት ተናገሪ።»

ጋሼ ታምራት ቀና አላሉም። ሐና የኩሽናው በር ላይ ናት።

«አልጠየቅሁም» አልኩ። «ስሙን ኮምፒውተሩ ውስጥ አላስገባሁም።»

ፈገግ አሉ፣ አራቱም። አንደኛው ለሌላው ሹክ አለ። የፖሊስ ሰው እንዲህ ማለት አለበት፣ ደንቡ ነው። ጋሼ ወርቁ ጨዋ ልጅ ነሽ አሉኝ። ሐናም ከበሩ አየችኝ፣ አሁንም የምስጋና አስተያየት። እውነቱን ተናግሬ ማንም አላመነኝም። መሬት ብትውጠኝ።

ጋሼ ተነሡ። ወንበሩን ይዘው ተነሡና ከሽማግሌዎቹ ጋር እኩል ቆሙ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «አልጠየቀችም። ተጣርቷል ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ።»

ሐናን አየሁ። ያኔ ነው የገባት። ለኔ የነገረችኝ ራሷ መሆኗ። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም። ገብቼ ላቅፋት አሰብኩ፤ እግሬ አልሄደም።

ጋሼ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኛም ሳንቀመጥ የምንነግርዎ አለ አሉ። ልጁ ራሱ ነው ንገሯቸው ብሎ የላከን፤ ተጣርቷል ሲሉን ነገሩ ይቅር ያልነው እኛ ነን። ሁሉንም ነገሯቸው፦ ክሬንሾውን፣ ሌሊቱን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ስድስቱን ዓመት። ጋሼ የወንበሩን ድጋፍ እንደያዙ ሰሙ። የወንድማቸውን ስም ማንም አልጠራም፤ ሁሉም ግን ያስቡታል። ከዚያ ጋሼ አንድ ሳምንት ቀጠሮ ስጡኝ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀበሉ። ሳይቀመጡ፣ ሳይቀምሱ ሄዱ።

በር ላይ ልሰናበታቸው ቆምኩ። አልተቆጡም። ደክሟቸዋል።

«እሺ ማለት አቃተኝ፣ እምቢ ማለትም አቃተኝ» አሉ። «ቀጠሮ ጠየቅሁ። አንቺም ያን ቀን እንዲሁ ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

ምንም አልነበረበትም። ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ አነሡኝ። ሐና እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። በመጨረሻ እጄን ያዘችኝ፤ በጣም አጥብቃ። እሑድ አባቷ ምን እንደሚሉ አታውቅም። እኔም አላውቅም፤ ብጠየቅም የምመልሰው የለኝም።

ነገ ሰኞ ነው። ሌተናንቱ መልሴን ይጠብቃል። ከፌርፋክስ እስከ ፓልምስ አስቤዋለሁ፣ ሬዲዮ ዘግቼ። ይጠይቁኛል፤ ሌላም ስም ይመጣል፣ ከሌላ ውለታ ጋር። ይምጣ። ለሱ ቀጠሮ አልጠይቅም፤ እዚያው እምቢ ነው። የፈቃዱን ሥራ አልለቅም።